ጳጉሜን የማያውቀው ፕሮግራም

በአንድ ወቅት ብዬ ልጀምር አልኩና አፌ እንቢ አለኝ። «በአንድ ወቅት» የሚባለው አፈር ለለበሰ ነገር ነው፤ የኔው ገና እርጥብ ነው፣ ባለፈው ጳጉሜን የሆነ ነው። ቢሆንም እንደ ተረት ስሙኝ። ሰው በተረት ላይ ሲሆን ደፍሮ ይፈርዳል፤ በጎረቤቱ ላይ ሲሆን ጉሮሮውን ይጠርጋል። እናንተ የእድሩ ሰዎች ደግሞ ጉሮሮ ስትጠርጉ ይኸው ሠላሳ ስምንት ቀን አለፈ።

እንግዲያው በአንድ ወቅት፣ በዋርካ በር ከተማ፣ የአቶ ገበየሁ ልጆች የሆኑ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። በነሱ ምክንያት አንዲት ልጅ ሞተች። ሦስቱም ሊገድሏት አላሰቡም፤ ሦስቱም ግን ሊያድኗት ይችሉ ነበር። እናቷ ከሦስቱ አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ደጄ አምጡልኝ አሉ። የትኛውን? እኔን እህል ውኃ ያስጠላኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ታውቁኛላችሁ፣ ጡረታ የወጣሁ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሎች ሲፈርዱ ጻፍኩ፤ ዛሬ አንተ ራስህ ፍረድ ስባል ወደናንተ ሮጥኩ። አትሳቁ፣ የሚያስቅ ነገር የለውም።

ታላቁ ማንደፍሮ ይባላል። እጁ የተባረከ ነው፤ የነካው ነገር ይሠራል። አዲስ አበባ ተምሮ ተመለሰና ለመሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ ደመወዝ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራ። ምን ዋጋ አለው፣ አራት መሥሪያ ቤት ገዛው፣ አርባው ገለበጠው። ሁለት ዓመት የለፋበት ሥራ በፍላሽ እየተጫነ ከዘፈንና ከፊልም ጋር ገበያ ላይ ሲቸበቸብ በዓይኑ አየ። አንዱን ሻጭ ያዘና «ይሄ እኮ የኔ ነው» ቢለው፣ ሰውዬው «ታዲያ ሰው ስለወደደልህ ደስ አይልህም?» አለው። ማንደፍሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡ ደነደነ።

ቀጥሎ የሠራው ፕሮግራም «ቀጠሮ» ይባላል። ለመድኃኒት ቤት ነው። ማን ምን መድኃኒት እንደወሰደ፣ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ ይመዘግባል፤ ከቀኑ በፊት የመጣን ሰው «ቀኑ አልደረሰም» ብሎ ይዘጋበታል። ማንደፍሮ ይህን ሲሠራ ቆለፈው። ለእያንዳንዱ ገዢ አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ ያለዚያ ቁጥር አይከፈትም። ሳይከፍሉ መሞከር የለም፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ መመለስ የለም። እኔ ራሴ ጠርቼ ገሠጽኩት።

«አንተ ልጅ፣ ማር እንኳ በጣት ተቀምሶ ነው የሚገዛው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ማር የቀመሰ ሰው ቀፎውን ይዞ አይሄድም። የኔን የቀመሰ ግን ቀፎዬን ይዞ ይሄዳል» አለኝ።

እውነቱን ነው።

አሁን እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማንደፍሮ «ቀጠሮ»ን ሲሠራ የቀን መቁጠሪያውን ከደመወዙ ፕሮግራም አንሥቶ እንዳለ ከተተው። የደመወዙ ፕሮግራም ደግሞ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ነው። ለምን ብትሉ፣ ጳጉሜን ደመወዝ የላትማ! ደመወዝተኛ የነበራችሁ ታውቋታላችሁ፤ የነሐሴዋን ይዘን ነው ጳጉሜንን የምንሻገራት። በደመወዝ ቤት ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም ነው፣ ማንም አይጣላም። ይህን ስህተት ፈረንጅ ሊሳሳተው አይችልም፤ የኛው ሰው ብቻ ነው የሚሳሳተው። ደመወዝ በጳጉሜን አይከፈልም፤ ክኒን ግን በጳጉሜንም ይዋጣል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ በሌላ ከተማ ያለ አንድ ገዢ ነገሩን አይቶ ደወለለት። ማንደፍሮ ደነገጠ። ከወንበሩ ሳይነሣ በአራት ቀን አረመውና ለገዙት አሥራ አንድ መድኃኒት ቤቶች በየቁጥራቸው ላከላቸው። ለሌላ ለማንም አልተናገረም። «ስሜ ይጠፋል፤ የሰረቀኝ ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነው» አለ በልቡ። ይህን በኋላ የነገረኝ ራሱ ነው።

መካከለኛው ደርበው ነው። የጤና ጣቢያው ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሞ መድኃኒት የሚያድለው እሱ ነው። አንጀቱ ለሰው ቅርብ ነው፤ ሰልፉ ካላለቀ ምሳውን አይቀምስም። ድሮ ሥራው ሁሉ በመዝገብ ነበር። መዝገቡ ዝናብ ይመታዋል፣ ይቀደዳል፣ ይጠፋል። ሙላት የሚባሉ ሁለት በሽተኞች አንድ ቀን ከመጡ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ይሄዳል፤ አንድ የስኳር በሽተኛ እንዲህ ሆኖ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ጤና ጣቢያው ከዚያ በፊት ፕሮግራም ገዝቶ ያውቃል፣ እሱንም ልንገራችሁ። አንድ ሽቅርቅር ነጋዴ ከከተማ መጥቶ በላፕቶፑ ላይ ቀለም የበዛበት ነገር አሳየን። የጤና ጣቢያው ቦርድ ዓይኑ ፈዘዘና የዓመቱን በጀት ፈርሞ ሰጠው። ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ። ማን ሞከረው፣ ማን ገዝቶ ተጠቀመበት ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ፕሮግራሙ «አሞክሲሲሊን» የሚል ቃል ሲጻፍበት ቀጥ ብሎ ይቆም ጀመር። ነጋዴውም ስልኩን አጠፋ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ቦርዱ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነና ፕሮግራም የሚባል ነገር እንዳይገዛ ወሰነ። እሱም ላይ ፈርሜያለሁ።

ደርበው ሲጨንቀው ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ሄደ።

«ወንድምጋሼ፣ ለአንድ ወር ብቻ ስጠኝ። ልሞክረው፤ ጥሩ ከሆነ ቦርዱን ለምኜ አስገዛዋለሁ።»

«ለወንድሜ በነጻ ከሰጠሁ ሌላውን ምን ብዬ እከለክላለሁ?»

«ለራሴ መሰለህ እንዴ? ለበሽተኛ እኮ ነው።»

«መድኃኒቱም ለበሽተኛ ነው። ፋብሪካው በነጻ ይልክላችኋል?»

ደርበው በሩን ወርውሮ ወጣ። በቀጥታ ገበያው ጥግ ወዳለው፣ ፊልም በፍላሽ ወደሚጭነው ሱቅ ሄደና የተሰበረውን «ቀጠሮ» አስጫነ። የተሰበረ የሚሉት መቆለፊያው የተፈታውን፣ ቁጥር ሳይጠይቅ የሚከፈተውን ነው። ጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ጫነውና አፉን ዘጋ። የሰረቀው ከወንድሙ ነዋ፣ ለማን ይናገራል?

ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ ያ የተሰረቀ ፕሮግራም ስድስት ወር ሙሉ ሰው ሲያተርፍ ቆይቷል። ለአንዲት ነፍሰ ጡር የማይሆናትን ክኒን ሊሰጣት ሲል ስክሪኑ ቀይ ሆኖ አስቆመው። ሁለቱ ሙላቶችም ተለዩ። የኔንም የደም ግፊት ክኒን ቀን ሳያዛንፍ ሰጥቶኛል፤ በልቼበታለሁና አልክድም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ደርበው ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት አንድ ጽሑፍ ይወጣ ጀመር፤ «አስቸኳይ እርማት አለ፤ የገዙበትን ቁጥር ያስገቡ» ይላል። ቁጥሩ ከየት ይምጣ? «ዝጋ» የሚለውን ተጫነ። በማግስቱ ወጣ፤ በማግስቱም ዘጋው። እርማቱ ምንድን ነው ብሎ ወንድሙን ቢጠይቅ ሌብነቱ ሊወጣበት ነው። ጳጉሜን አንድ ቀንም ወጣ፣ ጳጉሜን ሁለትም ወጣ።

ትንሹ አስቻለው ነው። ዋናው መንገድ ላይ የግል መድኃኒት ቤት አለው። ዓይኑ ስለት ነው። ጫማ ሲገዛ ሱቁን ሦስት ጊዜ ተመላልሶበት ነው፤ በግ ሲገዛ ነጋዴው እስኪሰለቸው ድረስ ጥርሱን ያያል። የተገለበጠ ነገር ደግሞ በእጁ አይነካም። ደርበው አንድ ጊዜ የተሰበረ ፕሮግራም ከገበያ እናስጭን ቢለው «የማንደፍሮን ላብ አልሰርቅም» ብሎ መለሰለት። ሳያውቀው ግን አይገዛም፣ ከወንድሙም ቢሆን።

ስለዚህ ምን አደረገ? ማንደፍሮ እንደማያስሞክር ሲያውቅ አውቶቡስ ተሳፍሮ «ቀጠሮ»ን ገዝቶ ወደሚሠራበት ወደ ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ሄደ። ባለቤቱን አስፈቅዶ ሁለት ቀን ሙሉ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አቶ ሙከራ፣ ወይዘሮ ይሁና፣ እያለ የሌሉ በሽተኞች ፈጥሮ በየወሩ ቀጠሮ ሰጣቸው። ሰኔ ደህና ነው፣ ሐምሌም ደህና ነው። ለወይዘሮ ይሁና ነሐሴ ሦስት ቀን የሠላሳ ቀን ክኒን ሰጥቶ መመለሻዋን ቢያይ መስከረም ሦስት ይላል። በጣቱ ቆጠረ። ጳጉሜን የለችም! ብቻውን ሳቀ አሉ። ፕሮግራሙን ዘግቶ ለባለቤቱ «ጥሩ ነው፤ ለኔ ሱቅ ግን ይበዛል» አለውና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጊዜው ሰኔ ነበር። ለጳጉሜን ሁለት ወር ከምናምን ቀርቷታል።

በ«ቀጠሮ» ፋንታ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሠርተው «ማንም ይጠቀም፣ ማንም ያሻሽል» ብለው የለቀቁትን አንድ ነጻ ፕሮግራም አገኘ። መልኩ አያምርም፤ ስህተት ባገኘበት ቁጥር ግን ይጽፍላቸዋል፣ እነሱም ያርማሉ። ይገርማችኋል፣ መልካቸውን ለማያውቃቸው ልጆች ሲጽፍ ለወንድሙ አልተናገረም። አንድ ጊዜ የደመወዙን ፕሮግራም ጉድለት ቢነግረው ማንደፍሮ «ምቀኛ» ብሎት ነበር፤ ያቺ ቃል አልወጣለትም። ለሌላ ሰው መናገር ደግሞ የወንድሙን እንጀራ መዝጋት መሰለው።

ሐምሌ ላይ ግን ትርንጎ ሱቁ መጣች። ሳሙና ልትገዛ ቦርሳዋን ስትከፍት የቀጠሮ ካርዷ ወደቀ። አስቻለው አንሥቶ ሲሰጣት ጽሑፉን አወቀው፤ የማንደፍሮ ፕሮግራም ያተመው ነው። «ለካ ጤና ጣቢያው ገዝቶታል» አለ በልቡ። «እስከ ጳጉሜን አንዱ ያየዋል።» ሳሙናውን ሰጥቶ ሸኛት።

ትርንጎን የማታውቋት ካላችሁ፣ የእትዬ ጥሩወርቅ አንድያ ልጅ ናት። አባቷ ገና ሳትራመድ ነው የሞተው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል፣ ትምህርቷንም ያቋረጠችው በዚያ ነው። ማታ ማታ የምትውጠው ክኒን ከተጀመረላት ወዲህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልወደቀችም። ያኔ ነው ደፍራ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችው። ሱሪዬን ላስጠግን ሄጄ «መርፌው አያስፈራሽም ወይ?» ብላት «ጋሼ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ሱሪዎ ነው፤ ከዚህ በላይ መጠገን አይችልም» ብላ አሳቀችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች፣ እግዜር ያሳያችሁ።

ያን ክኒን በከተማችን የሚሰጠው ጤና ጣቢያው ብቻ ነው። ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው፤ የአንድ ወር፣ ሠላሳ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ አይሰጥም። ሐምሌ ላይ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ይህ ክኒን ገበያ እየወጣ ነው፤ ከቀኑ በፊት የሰጠ ሰው ከሥራው ይወጣል» ብሎ ደርበውን አስጠንቅቆታል። እትዬ ጥሩወርቅ ነሐሴ ሦስት ቀን ሠላሳውን ፍሬ ተቀበሉ። ማንበብ አይችሉም፤ መቁጠር ግን ይችላሉ። ማታ ማታ አንድ አንድ እያሉ በእጃቸው ሰጧት፤ የመጨረሻዋን ጳጉሜን ሁለት ቀን ዋጠች።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ለት፣ ጠዋት ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሕፃናቱ ጠበል ነው ብለው ራቁታቸውን ዝናቡ ውስጥ ይቦርቃሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ላስቲክ ተከናንበው፣ ባዶውን የክኒን ማሸጊያ ጨብጠው መስኮቱ ጋ ደረሱ። እኔም ለሳሌ ሽሮፕ ልወስድ ሁለት ሰው አልፎ ተሰልፌ ነበርና ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ደርበው ልጄ፣ አለቀብን።»

ስክሪኑን አየ። «እትዬ፣ ቀኑ አልደረሰም። መስከረም ሦስት ነው የሚለው።»

«ትናንት ማታ አለቀ እኮ። ይኸው ባዶው።»

«ሠላሳ ነው የሰጠሁዎት። ምናልባት ደርባ ውጣ ይሆናል።»

«ልጄ አትደርብም። በእጄ ነው የምሰጣት።»

«እንግዲህ ማሽኑ ካልፈቀደ እኔ ምን ላድርግ? አምስት ቀን ነው፣ ይታገሱ።»

«አምስት ቀን እንዴት ትቆያለች?»

«ሁለት ዓመት አልወደቀችም አይደል? ምንም አትሆንም።»

እትዬ ጥሩወርቅ ማሸጊያውን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩ። «እሺ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉና ላስቲኩን ሳብ አድርገው ሄዱ። ከኋላቸው ሃያ ሰው ተሰልፏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተር ለካ ከሁለቱም ይብሳል። ደርበው በጣቱ ቢቆጥር ያገኘው ነበር። እኔም ብቆጥር አገኘው ነበር።

ጳጉሜን አምስት ከሰዓት በኋላ ትርንጎ የሰው የበዓል ቀሚስ ስትሰፋ መኪናው ላይ ወደቀች። ድሮ ስትወድቅ ጥቂት ተንፈራግጣ ትነቃ ነበር። ያን ቀን ግን በሽታው አልተዋትም። አንዱ ሳይለቃት ሌላው ይይዛታል። አራት ሰው በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ፤ እዚያ መርፌ ሰጧትና ወደ ሆስፒታል መኪና ተፈለገ። የዓመት በዓል ዋዜማ ነው፣ መኪናው ዘገየ። መስከረም አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መንገድ ላይ ሞተች። አበባ ይዘው በየቤቱ የሚዘፍኑት ልጃገረዶች እትዬ ጥሩወርቅ በር ሲደርሱ ዋይታውን ሰምተው ቄጠማውን ጥለው ተመለሱ።

ነገሩ የወጣው በሠልስቷ ነው፤ ያወጣውም አስቻለው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ካርዷን ይዘው ሲያለቅሱ ተቀብሎ አየው። «መስከረም ሦስት» ይላል፤ ቀኑ ያ ለት ነበር። ካርዱን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሐምሌ ላይ አይቼዋለሁ። አውቅ ነበር» አለ በሰው ሁሉ ፊት። ከዚያ ደርበው ስለ ተሰበረው ፕሮግራም ተናገረ፤ ከዚያ ማንደፍሮ ስለ እርማቱ። ማንም ሳያስገድዳቸው ሦስቱም ተናገሩ፤ ይህንንም አብራችሁ ቁጠሩላቸው።

ለሽምግልና ሦስት ሰው ተመረጥን፤ ቄስ ልሳነወርቅ፣ ሼህ ይመርና እኔ። ወንድማማቾቹን በየተራ አናገርናቸው።

ማንደፍሮ እንዲህ አለ። «ተሳስቻለሁ፤ ስህተቴን ግን አርሜ ልኬያለሁ። ከገዙኝ አሥራ አንድ ቤቶች አንድ ሰው አልተጎዳም። የሰው በሬ የሰረቀ፣ በሬው ቢወጋበት ባለቤቱን ይከሳል?»

ደርበው ደም የመሰለ ዓይኑን አነሣ። «አስሞክረኝ ብዬ ለምኜሃለሁ። ብታስሞክረኝ አልሰርቅህም ነበር። ነፍስ እንደሚያጠፋ እያወቅህ በሬዲዮ ብታስነግር ምን ነበረበት? ስምህን ፈራህ።» ቀጥሎ ወደኛ ዞረና «እኔ ለራሴ የወሰድኩት ነገር የለም፤ ሰው ላድን ብዬ ነው» አለ። «የመለስኳቸው ግን እኔ ነኝ። ባዶውን ማሸጊያ አሳይተውኛል። አይቼዋለሁ።»

አስቻለው ድምፁ አይሰማም ነበር። «አልሠራሁትም፣ አልሰረቅሁትም። በራሴ ጊዜ፣ በራሴ ድካም ሞክሬ ሳይሆነኝ ሲቀር ተውኩት። ሰው ቀምሶ የተወውን ምግብ ለሀገሩ ሁሉ የመናገር ግዴታ አለበት?»

«መርዝ ከሆነ አለበት» አሉት ሼህ ይመር።

«ደርበው መስረቁን ደብቆኝ ነበር።»

«ካርዷንስ ደበቀችህ?» አሉት።

መቼም የሀገሩን ልማድ ታውቃላችሁ። ነፍስ ያጠፋ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ከሽማግሌ ኋላ ሆኖ፣ ከሟች ደጅ ይንበረከካል። ይቅር ለእግዚአብሔር እስኪባል ድንጋዩን አያወርድም። ሦስቱ ተመካክረው አብረን እንሸከም አሉ። እኛም እፎይ አልን፤ ነገሩ ያለቀ መስሎን እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄድን።

እትዬ ጥሩወርቅ እስክንጨርስ ሰሙን። እንባቸው አልቋል፤ ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

«አባቶቼ፣ ሦስት ሆነው የተሸከሙት ድንጋይ ለማንም አይከብድም» አሉ። «እኔ ማንን ነው የማየው? አንዱን ሳይ ያኛው ነው ይለኛል፣ ያኛውን ሳይ ወዲያኛው ነው ይለኛል። ልጄን ማን እንደገደላት ሳላውቅ ልሙት? አንድ ሰው ይምጣ። በአርባዋ ይምጣና ዓይኔን እያየ፣ ስሟን ጠርቶ፣ ‹ትርንጎን ያጠፋኋት እኔ ነኝ› ይበለኝ። ያኔ ይቅር እላለሁ፤ ለሦስቱም ይቅር እላለሁ። የማይገባው ሰው ከመጣ ግን አውቀዋለሁ። ከነድንጋዩ እመልሰዋለሁ፤ እናንተንም ሆነ እነሱን ሁለተኛ ደጄ አላይም። ረግሜ ነው የምሞተው።»

የእናት እርግማን ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሚሸከመውም ሰው ቢሆን ይቅርታውን አግኝቶ ስሙን አያገኝም። በዋርካ በር እስኪሞት ድረስ «የትርንጎ ገዳይ» ነው፣ ልጆቹም «የትርንጎ ገዳይ ልጆች» ናቸው። ሁለቱ ግን ቀና ብለው ይሄዳሉ። እንደ ቀልድ አትዩት።

ወንድማማቾቹ በዚህ መሀል የየራሳቸውን እያደረጉ ነው። ማንደፍሮ የ«ቀጠሮ»ን መቆለፊያ ፈትቶ፣ የታረመውን ለገዛም ላልገዛም በነጻ ለቀቀ፤ ስህተቱንም በሬዲዮ በስሙ አስነገረ። ደርበው መስኮቱን ለሌላ ሰው አስረክቦ ቤቱን ዘግቷል፤ ቆሎ ሲያቀርቡለት ፍሬውን ሠላሳ ሠላሳ እያደረገ ይቆጥራል ትላለች ሚስቱ። አስቻለው የሚያውቀውን የእያንዳንዱን ፕሮግራም ጉድለት በትልቅ ወረቀት ጽፎ ሱቁ በር ላይ ለጥፏል፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያነባል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ንዴቴን ማን ላይ እንደምወጣው እንኳ አላውቅም።

ትናንት እኛ ሽማግሌዎቹ ለመወሰን ተቀመጥን። ቄስ ልሳነወርቅ ደርበው ይሂድ አሉ። «አትስረቅ ተብሏል፤ በዚያ ላይ የተራበች ነፍስ ደጁ መጥታ በገዛ አፉ የመለሳት እሱ ነው። ማሽኑ አፍ የለውም፣ አፉ የደርበው ነበር» አሉ። ሼህ ይመር አስቻለው ይሂድ አሉ። «ሁለቱ አላወቁም፤ አንዱ እንዳወቀ አረመ፣ ሌላው እስከ መጨረሻው አላወቀም። ይሄ ግን ሰኔ ላይ አውቆ፣ ሐምሌ ላይ ልጅቷን በዓይኑ አይቶ፣ ሳሙና ሸጦ ሸኛት። አላህ የሚጠይቀው ያወቀን ነው» አሉ።

ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ከሁለቱ የአንዱን ስም ብደግም ሁለት ለአንድ ይሆናል፣ ድንጋዩ እዚያው ይጫናል። የሦስተኛውን ስም ብጠራ ደግሞ ሦስት ሽማግሌ ሦስት ስም ሆነን እንበተናለን፤ በአርባዋ ለእትዬ ጥሩወርቅ የሚመጣ አንድም ሰው አይኖርም። ከማንደፍሮ እጅ ባይወጣ ኖሮስ የሚሰረቀውም ዝም የሚባልበትም ነገር መች ይኖር ነበር? ይህም አእምሮዬን አይለቅቅም። አንድ ቀን ስጡኝ ብዬ ወጣሁ። ዛሬ እናንተን የሰበሰብኳችሁ ለዚህ ነው።

ከነገ ወዲያ አርባዋ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ከማለዳ ጀምሮ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ፤ የሚመጣውን ሰው ከሩቅ ለይተው ሊያውቁት። ጉሮሮ መጥረግ ይብቃና ፍረዱኝ። አጉድሎ የሠራውና ስሙን ፈርቶ የደበቀው ይሂድ? ሰው ላድን ብሎ የሰረቀውና ባዶውን ማሸጊያ እያየ የመለሳቸው ይሂድ? ወይስ እጁን ሳያቆሽሽ ሁሉን አውቆ ዝም ያለው? ድንጋዩ የሚገባው ለማን ነው?